ኑዛዜ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚረሳ ወረቀት አይደለም

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ዛሬ ስለ ኑዛዜ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። የኑዛዜ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ገና በሕይወት ያለ ሰው ስለ ሞቱ እንዲያስብ መጠየቅ ሟርት ሆኖ ይሰማዋል። ነገር ግን የዛሬው ንግግራችን ኑዛዜ ስላልጻፈው ሰው አይደለም። ኑዛዜውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ በሣጥን ቆልፎ፣ «እንግዲህ የቤቴን ነገር ጨርሻለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ስለሚኖረው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጠንቃቃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ኑዛዜው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሰውየው ያገባል፣ ይፈታል፣ ይወልዳል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ በሣጥን ያለው ወረቀት ግን የዚያችን የአንዲቱን ቀን ሐሳብ ይዞ ይቀመጣል። ሰውየውና ወረቀቱ በተለያዩ ቁጥር ጠብ በቤቱ እየተጠነሰሰ መሄዱ የማይቀር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንመልከተው። የምሳሌው ሰው እገሌ ተብሎ በስም የሚጠራ አይደለም፤ የሚደርስበት ነገር ግን በየቀበሌው የሚደርስ ነው።

በሐዲያ ዞን፣ በሚሻ ወረዳ፣ በሞርሲቶ ከተማ የሚኖር አንድ አባወራ በ1990 ዓ.ም. ብዕር አንሥቶ በገዛ እጁ ኑዛዜ ጻፈ እንበል። ያን ጊዜ ልጆቹ ሁለት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። በኑዛዜውም፣ በከተማው ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት ለሚስቱ እንዲሆን፣ ከብቶቹና የሱቁ ዕቃ ለሁለቱ ልጆቹ እኩል እንዲከፈል፣ ልጆቹም ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ ታናሽ ወንድሙ ሞግዚት እንዲሆናቸው አዘዘ። ቀኑን ጻፈበት፤ ፈረመበትም። ከዚያም በሣጥን አኖረው።

ዓመታት አለፉ። በ1995 ዓ.ም. ይህ ሰው ከሚስቱ ጋር በፍርድ ቤት ተፋታ፤ ባለ ቆርቆሮው ቤትም ተሸጦ ገንዘቡን ተካፈሉ። በ1997 ዓ.ም. ሌላ ሚስት አገባ፤ ከእርሷም ሦስት ልጆች ወለደ። ሞግዚት ይሆናል የተባለው ወንድሙ ታሞ ሞተ። የመጀመሪያው ልጁ፣ እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በንግድ ሥራ ተሰማራ፤ እርሱ በላከውም ገንዘብ በሆሳዕና ከተማ ጥሩ ቤት ተሠራ። የቤቱ ካርታ ግን የወጣው በአባቱ ስም ነው። አባትየው በ2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ለቅሶው አልፎ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሣጥኑ ተከፍቶ የ1990 ዓ.ም. ኑዛዜ ወጣ።

እንግዲህ ኑዛዜውን መስመር በመስመር እናንብበው። ቤቱ ለሚስቴ ይላል፤ ቤቱ የለም፣ የተባለችውም ሚስት ሌላ ቤት ከገባች ቆይታለች። ከብቱና የሱቁ ዕቃ ለሁለቱ ልጆቼ ይላል፤ ልጆቹ አምስት ሆነዋል። ወንድሜ ሞግዚት ይሁን ይላል፤ ወንድሙ ቀድሞት ሞቷል፣ ሞግዚት የሚያስፈልጋቸውም የፊተኞቹ ልጆች ሳይሆኑ በኑዛዜው ስማቸው ያልተጠቀሰው የኋለኞቹ ሕፃናት ናቸው። ስለ ሆሳዕናው ቤት ደግሞ አንድም ቃል የለበትም። ኑዛዜው የሚናገረው ዛሬ ስለሌለ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በአገራችን የኑዛዜ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜ የሚናገር ክፍል አለው፤ ሰው በመሞቻው ጊዜ የንስሐ አባቱንና ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ቃሉን መስጠቱም የቆየ ልማድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውርስን ነገር በዝርዝር ደንግጓል፤ ስለ ቤተሰብ የነበረው ክፍል በኋላ በወጡ የቤተሰብ ሕጎች ቢተካም፣ ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ የሚናገረው ክፍል ዛሬም ይሠራበታል። ይህ ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ከሦስቱ ሁለቱ በሕጉ ዕድሜ የተቆረጠላቸው መሆናቸውን ነው።

የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው፣ ወይም እርሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። በአንቀጽ 881 መሠረት ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና የተነበበበት ቀን በጽሑፉ ላይ መስፈር አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን የሚፈጽም ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም የውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት የታወቀ ነው፤ አራቱ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ነገር ግን ጽሑፉ በፊታቸው መነበቡን የሚገልጸው ቃል ይረሳል። ይህች አንዲት መስመር በመጉደሏ ምክንያት ወንድማማች ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጃፍ ይመላለሳል።

ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ ነው። በአንቀጽ 884 እንደተደነገገው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ምስክር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ለመጠበቅ የሚወድ ሰው ይመርጠዋል። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 903 መሠረት ይህ ኑዛዜ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ውድቅ ይሆናል። የሞርሲቶው አባወራ በ1990 ዓ.ም. በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ከሣጥኑ ስላልወጣ በ1997 ዓ.ም. ሕጋዊ ሕይወቱ አብቅቷል። በ2015 ዓ.ም. ቤተሰቡ የተጨቃጨቀበት ወረቀት ከሞተ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለፈው ወረቀት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። በአንቀጽ 892 እንደተነገረው ሰው ሞቱ መቃረቡን ሲያውቅ የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ሊናገር ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት ብቻ ነው። በአንቀጽ 902 መሠረትም፣ ተናዛዡ ኑዛዜውን ካደረገ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ውድቅ ነው። ታሞ በነበረ ጊዜ «ቤቱን ለታናሹ ሰጥቻለሁ» ብሎ በቃሉ ተናግሮ፣ ድኖም ዐሥር ዓመት የኖረ ሰው፣ በሕግ ፊት ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

እንግዲህ ስለ ጊዜ ይህን ያህል ካልን፣ በሕይወት ውስጥ የሚደርሱት ለውጦች በኑዛዜ ላይ ምን እንደሚያመጡ በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ልጅ ሲወለድ። ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ ለተናዛዡ ልጅ ከተወለደና ልጁ ውርሱን ከተቀበለ፣ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ውድቅ ይሆናሉ። ዳኞች፣ ተናዛዡ የልጁን መወለድ ቢያስብ ኖሮ ስጦታውን ይተወው እንዳልነበረ ሲያምኑ ግን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸኑት ይችላሉ። ልብ በሉ፤ ሟቹ ምን ያስብ እንደነበረ የሚወስነው እንግዲህ ሟቹን የማያውቅ ዳኛ ነው። አባት አንዲት ገጽ ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ መመራመር ባላስፈለገም ነበር። በዚህ ላይ በጋብቻ ውስጥ የተወለደና ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ እኩል መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል፤ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅም እንደ ሌላው ልጅ ይወርሳል። «የውጭ ልጅ ነው» ተብሎ ስሙ በኑዛዜው ሳይጠቀስ የቀረ ልጅ ከውርሱ ይርቃል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። የሚያስከትለው ነገር ቢኖር፣ ልጁ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በችሎት እንዲያገኛቸው ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲፋታ። ለሚስት ወይም ለባል የተደረገ የኑዛዜ ስጦታ፣ ጋብቻው ከሞት በቀር በሌላ ምክንያት ሲፈርስ ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ የተፋታ ሰው አሮጌው ኑዛዜ የድሮ ሚስቱን ይጠቅማል ብሎ ሊሠጋ አይገባውም። ሊሠጋ የሚገባው የተተወው ቦታ ባዶ ስለሚሆን ነው። ለእርሷ የተባለው ንብረት ለማን እንደሚሆን ካልጻፈ፣ በእርሱ ፈንታ የሚወስነው ሕጉ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሰው ሲያገባ። ይህ ብዙ ሴቶቻችንን የጎዳ ነገር ስለሆነ በሚገባ እንዲሰማልን እንለምናለን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ እነርሱና ተወላጆቻቸው ከሌሉ ወላጆች ይከተላሉ። ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ሕጋዊ ወራሽ ሆነው አልተቆጠሩም። ሚስት ባሏ ሲሞት የምታገኘው በጋብቻው ዘመን ከተፈራው የጋራ ንብረት የራሷን ግማሽ ነው፤ ይህም ድርሻዋ እንጂ ውርስ አይደለም። ከዚያ በላይ እንድታገኝ የሚወድ ባል ኑዛዜ መጻፍ አለበት። «ሚስቴ ናትና ቤቱ የእርሷ እንደሚሆን የታወቀ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው፣ ምንም እንኳ በፍቅር ቢሆን፣ በእርጅናዋ ዘመን ከእንጀራ ልጆቿ ጋር እንድትካሰስ ትቷት ሄዷል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። የሆሳዕናው ቤት በሁለተኛው ጋብቻ ዘመን የተሠራ፣ ካርታውም በባልየው ስም የወጣ ስለሆነ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ የሚስትየዋ ይሆናል። የሟቹ ግማሽ ለአምስቱ ልጆች እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ዐሥረኛ ይደርሳል። እንግዲህ በሰው አገር፣ በቀንና በሌሊት ደክሞ ቤቱን ያሠራው የበኩር ልጅ ድርሻ ይህችው አንድ ዐሥረኛ ናት። ገንዘቡ የእርሱ እንደነበረ ለማስረዳት የባንክ ወረቀት መፈለግ፣ ምስክር መቁጠርና ከእንጀራ እናቱ ጋር መሟገት ይኖርበታል። እርሷም በበኩሏ ቤቱን ድንጋይ በድንጋይ እየጠበቀች ያሠራች ሴት ናትና «ላብሽ የለበትም» ልትባል አይገባትም። ሁለቱም እውነት አላቸው። እውነቱን የሚያውቀው አባት ግን ሳይጽፍ ሄዷል።

ስለዚህ ልጆቻችሁ በውጭ አገር ሠርተው በሚልኩት ገንዘብ ቤት የምታሠሩ ወላጆች ሆይ፣ የቤቱ ግንባታ ሲጀመር ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ስጦታ ይሁን ብድር፣ ወይም በአደራ የተላከ የልጁ የራሱ ገንዘብ፣ በጽሑፍ ይታወቅ። ሲጠናቀቅም ኑዛዜያችሁ ይታይ። ይህን ማድረግ ልጅን መጠራጠር አይደለም፤ ልጅን ከወንድሙ ጋር ከመጣላት ማዳን ነው።

አራተኛ፣ በኑዛዜው የተጠቀሰ ሰው ሲሞት። ስጦታ የተደረገለት ሰው ከተናዛዡ ቀድሞ ከሞተ ስጦታው በመሠረቱ ይቀራል። ሞግዚት ወይም ውርስ አጣሪ እንዲሆን የተመረጠው ሰው ሲሞትም ቦታው ባዶ ይሆናል። የዚህን ነገር ክብደት ከታሪካችን እንረዳለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው እንዲሆኑ መረጡ፤ ልጅ ኢያሱ ገና ለጋ ስለነበሩም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴና ሞግዚት እንዲሆኑ ተወሰነ። ዕቅዱ በሚገባ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ቀድመው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ተይዘው ስለነበር ዕቅዳቸውን ሊያድሱ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበራቸውም። በሟቹ ፈንታ ሌላ ሞግዚት ሳይተካ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። የዚያ ዘመን ነገር ብዙ ምክንያት ያለው ቢሆንም፣ ለእኛ የሚሆን አንድ ትምህርት ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ይኸውም በኑዛዜ ከአንድ ሰው ቀጥሎ ተተኪውን መጥራት፣ የተጠራውም ሲሞት አእምሮና አንደበት ሳይደክሙ ወዲያው ሌላ መተካት እንደሚያስፈልግ ነው። ይህ ለዘውድ ያስፈለገ ከሆነ፣ በሞርሲቶ አንድ ሱቅና አምስት ልጆች ላሉት አባወራም ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ንብረት ሲለወጥ። ለይቶ የተናዘዘውን ዕቃ፣ ቤት ወይም ከብት ተናዛዡ በፈቃዱ ከሸጠው ወይም ለሌላ ከሰጠው ስጦታው ተሽሯል። ለአንዷ ልጅ መኪና፣ ለሌላዋ ቤት የተናዘዘ ሰው መኪናውን ሲሸጥ፣ ሳያስበው ያችን ልጅ ባዶ እጇን አስቀርቷታል።

ስድስተኛ፣ የአገር ሕግ ሲለወጥ። ይህ ከቤተሰብ ውጪ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ ኑዛዜን ግን እንደ ቤተሰብ ለውጥ ያፈርሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ስለ ከተማ ቦታና ስለ ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ከዚያ በፊት «ይህን ያህል ጋሻ ለበኩር ልጄ» እያለ የተናዘዘ ባለርስት ሁሉ፣ ያ መስመር በአንድ ቀን ቀሪ ሆነበት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለቤተሰቡ በውርስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የሚፈጸመው በገጠር መሬት አዋጅ በተወሰነው መሠረት ነው እንጂ እንደ በሬ ወይም እንደ ቤት ለፈለገው ሁሉ በመናዘዝ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ስለዚህ የእንሰት ጓሮውንና የስንዴ ማሳውን በኑዛዜ ለመስጠት የሚያስብ ገበሬ፣ የይዞታ ደብተሩን ይዞ አስቀድሞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ የቀድሞ ኑዛዜ ያለውም ከአዲሱ አዋጅ ጋር ያስተያየው።

በኑዛዜ የማይተላለፉ ነገሮች መኖራቸውንም ማወቅ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል በኑዛዜ አይሰጥም፤ የሚከፈለው በሕጉ ለተቈጠሩት ተተኪዎች ነው። ስለዚህ ጋብቻና የልጅ መወለድ በሠራተኛው የግል ማኅደር በጊዜው ካልተመዘገበ፣ ባልቴቲቱ ሚስትነቷን ለማስረዳት በሐዘኗ ላይ እንግልት ይጨመርባታል። የዕድር መዝገብም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞዋ ሚስት ስም ሳይሰረዝ፣ የአሁኗም ሳይጻፍ የቀረበት ቤት አይታጣም።

እንግዲህ ኑዛዜን እንዴት መለወጥ ይቻላል? በመጀመሪያ ማንም ሰው ኑዛዜውን በማናቸውም ጊዜ የመለወጥ መብት እንዳለው ይወቅ። «አልለውጠውም» ብሎ ለልጁ ቃል ቢገባ እንኳ ይህ ቃል በሕግ አያስረውም። መሻር የሚፈልግ ሰው ሕጉ ለኑዛዜ ባዘዘው ፎርም የቀድሞውን መሻሩን በግልጽ ሊጽፍ፣ ወይም አሮጌውን ሊቀድደው ይችላል። ሁለት ኑዛዜዎች ተገኝተው አብረው ሊፈጸሙ የማይችሉ ከሆነ የኋለኛው ይጸናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን መሰረዝና መደለዝ፣ በኅዳጉም ላይ መጨማመር ትቶ፣ «ከዚህ ቀደም ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» ብሎ እንደገና በሙሉ መጻፍ ነው። በስሙ የሚጠራውን የዓለም ሽልማት ያቆመው ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ያደረገው ይህንኑ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 የጻፈውን ኑዛዜ ትቶ በኅዳር ወር 1895 በፓሪስ ሌላ ጻፈ፤ የቀድሞዎቹንም መሻሩን በዚያው ገለጸ። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፈ። የመጨረሻውን ኑዛዜ ለሚቀጥለው ዓመት አሳድሮት ቢሆን ኖሮ ሽልማቱ ዛሬ በምናውቀው መልክ ባልቆመም ነበር።

ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው እንዳይናዘዙ ይጠንቀቁ፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ዋጋ አይሰጠውም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየራሱ ወረቀት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ልጅን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ አለበት፤ ያለ ምክንያት የተደረገ ነቀላ አይጸናም። የነቀለውም ልጅ በኋላ ታርቆት፣ በሕመሙ ጊዜ ጐኑ ቆሞ አስታምሞት ከሆነ፣ አሮጌውን የቍጣ ቃል ሳይሽር መሞት ለልጁ የዕድሜ ልክ ቁስል ነው። ሽማግሌ ፊት የተደረገ ዕርቅ ወረቀቱን ካልደረሰው ግማሽ ዕርቅ ነው። አራተኛ፣ ከኑዛዜው የሚጠቀመውን ሰው ምስክር አለማድረግ ክርክርን ያርቃል። አምስተኛ፣ የተጻፈው ኑዛዜ በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ይቀመጥ፤ የት እንዳለም አንድ የታመነ ሰው ይወቅ። የሙስሊም አድማጮቻችንም፣ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት በሚታይበት ጊዜ፣ ኑዛዜ ከሀብቱ ከሲሶ እንዳይበልጥ፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ እንዳይደረግ የሃይማኖታቸው ሥርዓት የሚያዝ መሆኑን ስለሚያውቁ ይህንኑ እያሰቡ ይጻፉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር፣ ወደ ሟርት ፍርሃት እንመለስ። አንድ ልጅ አባቱን «አባባ፣ ኑዛዜዎን ይዩት» ቢለው፣ «ሞቴን ትመኛለህ ወይ?» የሚል መልስ እንዳያገኝ ይፈራል። ስለዚህ ነገሩን መጀመር የሚገባው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው፤ እናቲቱም እንዲሁ። በአገራችን ገበሬ ክረምት ሳይገባ ጣራውን ይመለከታል፤ የላላውን ያጠብቃል፣ ያረጀውን ክዳን ይለውጣል። ይህን በማድረጉ ዝናብን ጠራ የሚለው የለም። ኑዛዜም የቤት ጣራ ነው። ሠርግ በተደረገ፣ ልጅ በተወለደ፣ ፍቺ በተፈረደ፣ ቤት በተሠራ ወይም በተሸጠ፣ በኑዛዜው ከተጠሩት አንዱ በሞተ፣ ልጅ ወደ ሩቅ አገር በሄደ፣ ወይም አዲስ አዋጅ በወጣ ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ ይውጣና ይነበብ። ምንም ለውጥ ባይኖር እንኳ በየዓመቱ አንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ ከዘመን መለወጫ ማግሥት፣ ቢነበብ መልካም ነው። የሚፈጀው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

የሞርሲቶው አባወራ በ1997 ዓ.ም. በሠርጉ ማግሥት፣ ወይም የሆሳዕናው ቤት መሠረት በተጣለ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሚስቱ ጣራዋን፣ ልጁ የድካሙን ዋጋ፣ ሕፃናቱም ሞግዚታቸውን ባገኙ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አምስቱ ልጆች ከቀብሩ በኋላ በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጥ በቻሉ ነበር። አባት ለልጆቹ ከሚያወርሰው ሁሉ ይህን የሚያህል ሀብት ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ፣ ክቡራን አድማጮቻችን፣ ኑዛዜ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱ፤ ወረቀቱንም አንብቡት፤ ከዚያም በቤታችሁ ያለውን ሰው ቊጠሩ። ቊጥሩ ካልገጠመ ነገ ወደ መዝገብ ቤቱ ሂዱ።